በስብሰባ ላይ የተለካ ወገብ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን አዳራሽ የነበሩትን አስቀድሜ በየስማቸው ልጥራ፤ ኋላ "እገሌን ረሳህ" የሚለኝ እንዳይኖር።

ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀ መንበሩ ጓድ ፈንታሁን ተቀምጠዋል። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከአብዮቱ በኋላም ልብስ ሰፊ ናቸው። ልዩነቱ፣ ድሮ ሰው ልኩን ሊሰጣቸው ይመጣ ነበር፣ አሁን እሳቸው ለሰው ልኩን ያሳያሉ። በግድግዳው በኩል ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እትዬ ጥሩወርቅ አሉ፤ አከራዬም ቀላቢዬም እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው የንስሐ አባቴ ቄስ ምናሴ፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው የስኳር ተራው ስለሚያልፍ ካህናትም አይቀሩም። በሩ ላይ የሱቁ ዘበኛ አያ ደሴ፣ ከእሳቸው የሚረዝም አሮጌ ጠመንጃ በትከሻቸው አንግተው ቆመዋል። ከኋላ ያለው ሕዝቡ ነው፤ እሱን በስም ልዘርዝር ብል ወጉ ይቀራል። በመካከሉ እኔ ቆሜያለሁ። መቀመጫ አልተሰጠኝም። የዕለቱ አጀንዳ ግን እኔ አልነበርሁም፤ ወገቤ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው።

እኔ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ሻጭ ነበርሁ። ሳሙናውም፣ ጨዉም፣ ክብሪቱም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስኳሩ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ስኳር የመጣ ለት ደብረ ታቦር በሙሉ ዘመዴ ነው፤ ስኳር ያለቀ ለት ደብረ ታቦር በሙሉ ከሳሼ ነው። ስመዝን ከማንኪያው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ቅንጣት እንኳ መትቼ ወደ ጆንያው እመልሳታለሁ። ይህን የምናገረው እንድመሰገንበት አይደለም፤ የወረፋው ዓይን ሁሉ እዚያች ቅንጣት ላይ ስለሚተከል ፈርቼ ነው የማደርገው።

ችግሩ መወፈሬ ነው። በአባቴ ወገን ያሉት፣ ገሳይ ገጠር የሚኖሩት ዘመዶቼ ሁሉ ወገበ ሰፊ ናቸው፤ ከእርፍ ጋር ሲታገሉ ስለሚውሉ ግን አይታወቅባቸውም። እኔ ወገቡን ወርሼ እርፉን ተውሁት። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። በዚያ ላይ እናቴ ከገሳይ ቅቤ ትልካለች፤ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ቅቤ እያለ ወጥ ማቅጠን ኃጢአት ይመስላቸዋል። በሌላ ዘመን ቢሆን "ተመችቶታል" ይባልልኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን "ተመችቶታል" ምርመራ የሚያስከፍት ቃል ነው።

በዚያ ሰሞን ለቀበሌያችን ከተመደበው ስኳር አንድ ጆንያ ያህል ጎደለ ተባለ። ጆንያው ከሱቅ የጠፋ አልነበረም፤ ከመነሻውም አልመጣም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ግን ወደ ላይ መጠየቅ ስለማይቻል ወደ ታች መፈለግ ተጀመረ። አንድ ቀን ከወረፋው መሐል አንዲት ሴትዮ፣ "ስኳሩ አለቀ ይለናል፤ ጉንጩ ግን አላለቀም" አለች። ወረፋው ሳቀ። ያልሳቀ ይጠረጠራል ብዬ እኔም ሳቅሁ። ማታውን ቃሉ ጓድ ፈንታሁን ዘንድ ደረሰ፤ በሳምንቱ የስብሰባ ማስታወቂያ ሆኖ በሱቁ በር ላይ ተለጠፈ፦ "የኅብረት ሱቁ ስኳርና የሱቁ ሠራተኛ አካላዊ ሁኔታ።" ቀኑ ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። የለጠፍሁት እኔው ነኝ፤ ሙጫ ከእኔ በቀር ያለው ሰው አልነበረም።

ከአዳራሹ ጀርባ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነበረች። እዚያ የገባ ሰው ዕጣው ሁለት ነው፤ ወይ ከስቶ ይወጣል፣ ወይ አይወጣም። ስለዚች ክፍል እያሰብሁ ብዙ ሌሊት አልተኛሁም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ታየኝ፤ መክሳት ካልቀረ ለምን ከውጭ ሆኜ አልከሳም?

ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን የተማርሁት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ለሱቁ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት በኪሎ ይመጣል፤ እኔ ሳላነብ ጨው አልጠቀልልበትም። ከዚያ ክምር ውስጥ ስለ ክብደት መቀነስ የሚናገር አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ነበረኝ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ፈታሁት። ምግብ ሁሉ ካሎሪ የሚባል ነገር አለው ይላል፤ ካሎሪ እንደ ማገዶ ነው፤ የገባው ከነደደው ከበለጠ ትርፉ ወገብ ላይ ይከመራል። መፍትሔውም ቀኑን ሙሉ ከመብላት ሰዓት ወስኖ መብላት፣ በቀረው ሰዓት ውሃ ብቻ እየጠጡ መዋል ነው። ሲበሉ ደግሞ መጠኑን ማመጣጠን ያስፈልጋል፤ ከበዛ ድካሙ ከንቱ ነው፣ እጅግ ካነሰ ገላ ይደነግጣል።

ሳነበው ትንሽ ገረመኝ። ለፈረንጅ አዲስ ነገር ይሆናል እንጂ፣ እኛ ዘንድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የማይችል ሰው ዐቢይ ጾምን እንዴት ያልፋል? የጠላሁት የገጹን ግርጌ ነው። "ይህን ዘዴ ፈጽሞ መሞከር የሌለባቸው ሰዎች የሚከተሉት ናቸው" ይላል፤ ከዚያ በታች ተቀዷል። የቀደድሁትም እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ወረፋው በዝቶ ሳላገላብጥ ለአንዲት ሴትዮ ጨው ጠቅልዬበት ሰጥቻለሁ። ሴትዮዋ ከጨዉ ጋር የእኔን ዕጣ ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ራሴን ባዞረኝ ቁጥር "በቃ፣ ከሚከተሉት አንዱ እኔ ነኝ" እያልሁ ግድግዳ እይዛለሁ።

የካሎሪው ሠንጠረዥም ቢሆን ለእኛ የተሠራ አልነበረም። እንቁላል አለ፣ ድንች አለ፣ ቅቤ አለ፤ ፖም የሚባለው ፍሬ ጥሬው፣ ቅቅሉና ጭማቂው ለየብቻ ተጽፏል። እንጀራ የለም። ሽሮ የለም። እንጀራን በዳቦ፣ ሽሮን በባቄላ ገመትሁ። ጠላን ከየትኛው እንደምመድበው አላወቅሁም፤ እየፈራሁ ከሾርባ መደብሁት።

የቀረው ክብደቴን ማወቅ ነው። በከተማው ውስጥ እኔ የምደርስበት ሚዛን አንድ ነው፤ የሱቁ ጆንያ የሚመዘንበት የመሬት ሚዛን። በምሳ ሰዓት ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጆንያው በሚቆምበት ላይ ቆምሁ። ብረቱን ገፋሁ፣ መለስሁ፣ እንደገና ገፋሁ። ክብደቴ ከአንድ ጆንያ ስኳር ጥቂት ነው የሚያንሰው። ጎደለ የተባለውም አንድ ጆንያ ነው። ከሚዛኑ ወርጄ እጄን ታጠብሁ፤ ለምን እንደታጠብሁ አላውቅም።

ከሰኞ ጀምሮ ቁርስና ምሳ ተውሁ። የሚሸጥ ነገር ስለሌለ ሱቁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያኔ ቤት ገብቼ እበላለሁ፣ ጀንበር ስትጠልቅ አፌን እዘጋለሁ። ዘዴው በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። የረሳሁት ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መሶቡ የሚቀርበው የጠዋቱ ሰው አለመሆኑን ነው። የጠዋቱ ሰው ካሎሪ የሚያሰላ ረጋ ያለ ልጅ ነው። የዘጠኝ ሰዓቱ ሰው ጅብ ነው። ቁርሱንም፣ ምሳውንም፣ የነገውንም ቁርስ አንድ ላይ ይበላል። በሳምንቱ ሚዛን ላይ ብወጣ ጨምሬያለሁ።

ያን ጊዜ ነው ብረቱ ሲንቋቋ አያ ደሴ የሰሙት።

"ማን ነው እዚያ ውስጥ?" አሉ በበሩ ቀዳዳ።

"እኔ ነኝ አያ ደሴ።"

"ምን ትመዝናለህ?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ አይጮህም" አሉ። አልሄዱም። ጥላቸው በበሩ ሥር ይታየኛል። እኔም ከሚዛኑ ብወርድ ይጮሃል ብዬ እዚያው እንደ ጆንያ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ መጠኑን አመጣጠንሁ። እንጀራውን ለሁለት ቆረጥሁ፤ ወጡን በማንኪያ ለካሁ፤ ቅቤውን በወጡ ላይ ሲንሳፈፍ ወደ ዳር እየገፋሁ አስቀረሁ። ይህን ሁሉ ደግሞ ያደረግሁት በሃምሳው ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰው ሁሉ የሁለት ወር ሆዱን የሚክስበት ወቅት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ምሳ መተዌን ሲያውቁ አንድ እሑድ እደጄ ላይ ቆሙ።

"ና ምሳ ብላ፤ በግ አርጃለሁ።"

"አልራበኝም እትዬ።"

"ስለ ረሃብ ማን ጠየቀህ? ብላ ነው ያልሁህ።"

"ዘጠኝ ሰዓት እበላለሁ። ያኔ ይርበኛል።"

"ረሃብህ ሰዓት ማሰር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉና እጄን ይዘው አስገቡኝ። ጠቀለሉ። የእሳቸው ጉርሻ እንደ ሌላ ሰው ጉርሻ አይደለም፤ አፍን ከመሙላት አልፎ አሳብን ይሞላል። አንድ አጎረሱኝ፤ "አንድ ያጎረሰ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን አመጡ፤ ሦስተኛውን "በሥላሴ ስም" አሉት። በእኔ ስሌት የሙሉ ቀን ካሎሪ ተላልፎብኛል፤ ሰዓቱም ገና ሰባት አልሞላም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"ታለቅሳለህ እንዴ? ወጤ ምን ሆነ?"

"ጣፍጦኝ ነው።"

አላመኑኝም። ሌላ ቀላቢ ይዟል ብለው ለጎረቤት ተናገሩ። ጎረቤት ደግሞ ይጾማል አለ። ጾሙ ቄስ ምናሴ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀም። ሳሙና ሊገዙ መጡ። ሳሙና አልነበረም፤ እሳቸውም ሳሙና አልጠየቁም።

"ልጄ፣ ትጾማለህ ይሉኛል።"

"ጾም አይደለም አባቴ፤ ሰዓት መወሰን ነው።"

"እሱ እኮ ጾም ነው።"

"ሥጋ እበላለሁ አባቴ፤ ቅቤም።"

ቄስ ምናሴ ጥምጣማቸውን ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አሹ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመህ በሥጋ ትፈታለህ? በሃምሳው? ይህ የእኛም አይደለ፣ የእስላሙም አይደለ፣ የካቶሊኩም አይደለ። ገና ስም ያልወጣለት ነው።" ወረፋ ባይኖርም ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰው ገድለህ ከሆነ ንገረኝ።"

"አልገደልሁም።"

"ስኳሩን አንሥተህ ከሆነ…"

"አላነሣሁም አባቴ።"

"ታዲያ ያለ ኃጢአት ራሱን የሚቀጣ ሰው የት አየህ?"

እውነቱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን "ለስብሰባው ስል እየከሳሁ ነው" ብል፣ ንጹሕ ሰው ለስብሰባ አይከሳም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልሁ። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ ኑዛዜ ተቀብለው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

አመጣጥኖ መብላቱ ሠራ። ከሠራም በኋላ መቆም እምቢ አለ። ሱሪዬ መንሸራተት ጀመረ፤ ጉንጬ ገባ። ማገዶው ቶሎ እንዲነድ ብዬም ከሥራ በኋላ ከከተማው በሚያስወጣው በጋፋት መንገድ በፍጥነት እየተራመድሁ እመለስ ጀመር። አንድ ቀን ከጋፋት በኩል ጓድ ፈንታሁን ሲመጡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ ሆዳቸው ቀድሞ፣ እሳቸው ተከትለው።

"ወዴት ነው ጓድ?"

"የትም አይደለም ጓድ ሊቀ መንበር። ልመለስ ነው።"

"ሳትደርስ?"

"መድረሻ የለኝም።"

ይህን ካልሁ በኋላ ነው ምን እንዳልሁ የገባኝ።

"መድረሻ ሳይኖራቸው በዚህ መንገድ የወጡ ልጆች አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "አሁን ጫካ ናቸው። ከመሄዳቸው በፊት ሆዳቸውን ረሃብ ያለማምዱት ነበር አሉ።" ከዚያ ዓይናቸው ወገቤ ላይ ወረደ። ዓይኑ የልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትር አያሻውም። "ይህን ሱሪ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። ያ ወገብ ወዴት ሄደ?"

"ብርድ ነው" አልሁ። ለምን ብርድ እንዳልሁ እስካሁን አላውቅም። ደብረ ታቦር ብርድ መሆኑ እውነት ነው፤ ወገብ ወስዶ ግን አያውቅም።

ቤት ገባሁ። ነገሩን ተቀምጬ መዘንሁት። ብወፍር የስኳር ሌባ ነኝ፤ ብከሳ ጫካ ልገባ የተዘጋጀሁ ነኝ። ሌባ ይታሰራል፤ ሌላው ግን የሚታሰርም አይመስለኝም። ስለዚህ ከጫካ ስኳር ይሻላል። ለስብሰባው ቀን የቀድሞው ወገቤ መመለስ አለበት። በላሁ። ሰዓት የሚባል ነገር ትቼ በጠዋት ድንች በቅቤ፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ ቅንጬ በላሁ። የለመደ ሆድ አይደለምና ሁሉንም በመጣበት መንገድ መለሰው። ከነበርሁበትም ይልቅ ከሳሁ።

በስብሰባው ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅን "ወገቤን ብርድ መታኝ" ብዬ መቀነታቸውን ተዋስሁ። የበዓል መቀነታቸው ነው፤ ሰፊና ረጅም፣ ዳሩ ላይ ጥለት ያለው። በእርቃኔ ላይ ጠመጠምሁት፤ እየጠመጠምሁ ሱሪዬን እየለካሁ፣ አንድ ዙር ጨምሬ፣ ግማሽ ዙር ቀንሼ፣ የድሮው ቁልፍ ከድሮው ቀዳዳ ጋር ልክ እስኪገጥም ድረስ። ሥራዬን በጥንቃቄ ነው የምሠራው ብያለሁ። ለካ ፍርሃት ያለበት ጥንቃቄ ጉድጓድ ከመቆፈር አይለይም።

እንዲህ ሆኜ ነው አዳራሹ መካከል የቆምሁት።

ጓድ ፈንታሁን አጀንዳውን አነበቡ። ከዚያ አያ ደሴ ተጠየቁ። "በምሳ ሰዓት ከውስጥ ዘግቶ ይመዝናል" አሉ። "ምን እንደሚመዝን አላየሁም። ግን ሲመዝን ይተነፍሳል።" ቄስ ምናሴ ተጠየቁ። "የንስሐ ምስጢር አይነገርም" አሉ። "ምስጢር ነግሮዎታል ማለት ነው?" አሏቸው ሊቀ መንበሩ። "አልነገረኝም። የሚያሳስበኝም እሱ ነው።" ሕዝቡ ተንሾካሾከ። እኔ አልሰማሁም፤ የምሰማው የልቤን ምት ብቻ ነው፣ እሱም በመቀነቱ ውስጥ ታፍኖ።

"ወዲህ ና" አሉኝ ጓድ ፈንታሁን፤ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ወገቤን ዙሪያውን ለኩ። አነበቡት። እንደገና ለኩ። "የዛሬ ዓመት ከለካሁት አንዲት ጣት አልጎደለም፤ አንዲት ጣት አልበለጠም። በጋፋት መንገድ ያገኘሁት ግን ይህን ወገብ አልነበረም።" ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጎኔን ጫን አደረጉት። ሰው ሆድ ይነካል፣ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ይነካል።

"ይህ ሥጋ አይደለም" አሉ። "ጥጥ ነው።"

ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ስኳሩ እዚያ ውስጥ ታስሯል። አያ ደሴ ጠመንጃቸውን ለቄስ ምናሴ አስያዙና የመቀነቱን ጫፍ ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ እንደ እንዝርት ዞርሁ። ዞርሁ፣ ዞርሁ፤ መቀነቱ አያልቅም። ፊቶቹ ሁሉ እየመጡ ያልፋሉ፤ ጠረጴዛው፣ አግዳሚው፣ ሕዝቡ፣ በሩ፣ እንደገና ጠረጴዛው። የፊተኞቹ ወለሉን ያያሉ፣ ስኳሩ የሚፈስስ መስሏቸው። መጨረሻ ላይ የወደቀው አንዲት የገብስ ቆሎ ናት። መንከባለሏን እስክታቆም ድረስ ሰው ሁሉ በዓይኑ ተከተላት። ከእሷ ቀጥሎ ሊወድቅ የነበረው ሱሪዬ ነው፤ በሁለት እጄ ያዝሁት።

"መቀነቱ የእኔ ነው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ብርድ መታኝ ብሎኝ ነው።"

"አስረዳ" አሉኝ ሊቀ መንበሩ። "ወፍረህ ነበር። ለምን ከሳህ?"

"ወፈረ ስለተባለ።"

"ከስተህ ለምን ጨርቅ ጠመጠምህ?"

"ከሳ ስለተባለ።"

"ከሳ ያለው ማን ነው?"

ያለው እሳቸው ናቸው። "ሰው" አልሁ።

ጓድ ፈንታሁን ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው ተቀመጡ። ብዕራቸውን አነሡ። "ምሳ አልበላም አልህ። ቁርስ አልበላም አልህ። ሰው ሲያይህ አትበላም። ይህ የረሃብ አድማ ነው?"

ያ ቃል በአዳራሹ ውስጥ ሲወድቅ ከፊት የነበሩት ሰዎች ትንሽ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ከእኔ ጋር በአንድ መስመር መታየት ማንም አልፈለገም። እኔ ስለዚያች መስኮት የሌላት ክፍል አሰብሁ። ከወገቤ በላይ ላብ፣ ከወገቤ በታች ብርድ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ተነሡ። ሳይፈቀድላቸው ነው የተነሡት።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ያልተማርሁ ሴት ነኝ። በበግ ሥጋ አድማ የሚመታ ሰው ግን አላየሁም። በዚህ እጄ ሦስት ጊዜ አጉርሼዋለሁ፤ ውጦታል።" መቀነታቸውን ከአያ ደሴ ተቀብለው በክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ረጋ ብለው። "ስኳሩ የሚፈለገው በሰው ወገብ ከሆነ ደግሞ ሜትሩ ወደ ኪስ አይመለስ። ከእኔ ይጀመር። ከእኔ ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው ይሂድ።" ይህን ብለው ሁለት ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ለመለካት ቆሙ።

ማንም ወደ ጠረጴዛው ማየት አልፈለገም። ግን ሁሉም አየ። ከአብዮቱ በፊት ጓድ ፈንታሁን ቀጭን ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ሲሉ ጀርባቸው እንደ መርፌ ነበር ይላሉ። አሁን ሆዳቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ወረቀቶቹ እንዳይበሩ የያዘው እሱ ነው።

ያኔ ነው ከኋላ አንድ ሰው የሳቀው። አጭር ሳቅ ነበር፤ ከአፍ ሳይሆን ከአፍንጫ የወጣ፣ ወዲያው የታነቀ።

የሊቀ መንበሩ ዓይን ወደ ኋላ ሄደ። "ማን ነው የሳቀው?" ለማለት ከንፈራቸው ሲከፈት አይቻለሁ። ግን "ማን ሳቀ?" ያለ ሰው "ምን አሳቀህ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የዚያን መልስ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ያውቀዋል። ከንፈራቸው ተመልሶ ተገጠመ። ሜትሩን በጣታቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉ፣ እስከ ጫፉ። ኪሳቸው ከተቱት።

"ውሳኔ" አሉ። "ጓዱ ከሰኞ ጀምሮ ምሳውን ልክ በስድስት ሰዓት በሱቁ በር ላይ፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት ይበላል። ከመጠን ሳያልፍ፣ ከመጠን ሳያንስ። አጀንዳው ተዘግቷል።"

መጠኑ ስንት እንደሆነ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሰኞ በስድስት ሰዓት በርጩማዬን በር ላይ አወጣሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ወጡን ይዘው መጡ። ወረፋው ስኳር የሚጠብቅ ወረፋ ነበር፤ ስኳር ግን አልነበረም፣ ስለዚህ እኔን ጠበቀ። ትልቅ ስቆርስ "በዛ" ይላል። ትንሽ ስቆርስ "አነሰ፣ ይህ አድማ ነው" ይላል። ካሎሪን ከእኔ አሥር እጅ አብልጦ የሚያሰላው ወረፋው ነው ለካ፤ ያለ ሠንጠረዥ፣ በዓይኑ ብቻ። ሰው እያየው የሚበላ ሰው አይወፍርም፤ ይህን የትም መጽሔት ላይ አላነበብሁትም።

እዚያ የነበራችሁ ካላችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። አያ ደሴ ያቺን ቆሎ አንሥተው በሏት የሚሉ አሉ፤ እኔ ሱሪዬን ይዤ ስለነበር አላየሁም። ቄስ ምናሴ ጠመንጃውን ታቅፈው ምን ይጸልዩ እንደነበር አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ሳቅ የማን እንደነበር ልወቅ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስለቆምሁ ፊቱን አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ በከተማችን ሰርግ ላይም፣ ገበያም፣ ለቅሶ ቤትም የሰዎችን ሳቅ ሁሉ አዳምጫለሁ፤ ያንን የሚመስል አላገኘሁም። አሁን ያ ጠረጴዛ የለም፣ ሜትሩም የለም፤ ስሙን ቢነግረኝ ምንም አይደርስበትም። ይህን የመጨረሻውን ቃል ግን ስጽፍ እኔ ራሴ በሩን አየት አድርጌያለሁ። ስለዚህ ስሙ ይቅር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ብቻ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ይሳቅልኝ፤ አውቀዋለሁ።